ባለቤቱ ያላያቸው እርሻዎች

የግላድስቶን ቤተ ሰብና የደመራራ ባሮች

(ከሬዲዮ ንግግር የተወሰደ)

ሰው የራሱ ያልሆነውን ሀብት በሩቅ ሆኖ ቢመኝ የሚያስደንቅ አይደለም። የሚያስደንቀው፣ አንድ ሰው የራሱ የሆነውን ሀብት፣ ያውም ለቤቱ ምቾት፣ ለልጆቹ ትምህርትና ለስሙ ክብር ምንጭ የሆነውን ሀብት፣ ዕድሜውን ሙሉ አንድ ቀን እንኳ በዐይኑ ሳያየው መሞቱ ነው። ያም ሀብት መሬትና ወርቅ ብቻ ሳይሆን ሰው፣ ይኸውም እንደ እኔና እንደ እናንተ ስም ያለው፣ ሚስትና ልጅ ያለው ሰው በሆነ ጊዜ፣ ነገሩ ከማስደነቅ አልፎ ሊያሳስበን ይገባል። የዛሬው ንግግራችን ስለ እንዲህ ያለ ባለሀብትና ስለ እንዲህ ያለ ሀብት ነው።

ግላድስቶን የሚለው ስም ለታሪክ አንባቢ እንግዳ አይደለም። ዊሊያም ግላድስቶን በ19ኛው መቶ ዓመት አራት ጊዜ የእንግሊዝ ጠቅላይ ሚኒስትር ለመሆን የበቃ ሰው ነው። በእኛም ታሪክ ውስጥ ስሙ ይነሣል። የእንግሊዝ ጦር በ1868 ከመቅደላ ዘርፎ የወሰደው የወርቅ ዘውድና ጽዋ ጉዳይ በ1871 በፓርላማ በተነሣ ጊዜ፣ እነዚያ ዕቃዎች ከመጀመሪያውም ከኢትዮጵያ መወሰዳቸው እጅግ የሚያሳዝነው መሆኑን የተናገረው እርሱ ነበር። (በዚህ ጽሑፍ የተመለከቱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።) ይህ ንግግሩ የሚመሰገን ሲሆን፣ ተናጋሪው ራሱ ያደገበት ቤት በምን ገንዘብ ይተዳደር እንደ ነበረ የሚጠይቅ ሰው ግን ብዙ አይደለም። ቤቱ የአባቱ የጆን ግላድስቶን ነው። የአባቱም ሀብት ብዙው ክፍል የተገኘው ጆን ግላድስቶን እግሩ ረግጦት ከማያውቀው አገር፣ በግርፋት ከሚሠሩ ሰዎች ጉልበት ነበር።

ከእህል ንግድ ወደ ስኳር

ጆን ግላድስቶን በ1764 በስኮትላንድ፣ ሊዝ በተባለችው የወደብ ከተማ ተወለደ። አባቱ የእህል ነጋዴ ነበር። ልጁም በ1787 ወደ ሊቨርፑል ሄዶ በእህል ንግድ ተሰማራ። ትጉህ፣ ቈጣቢና ሒሳብ ዐዋቂ ስለ ነበረ፣ ብዙ ሳይቈይ መርከቦችንና መጋዘኖችን የያዘ ታላቅ ነጋዴ ሆነ። ሊቨርፑል በዚያን ዘመን ከእንግሊዝ ወደቦች ሁሉ ይልቅ ብዙ የባሪያ መርከቦች የሚነሡባት ከተማ ነበረች።

እንግሊዝ የባሪያን ንግድ በሕግ የከለከለችው በ1807 ነው። ነገር ግን አንባቢ እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ሊል ይገባዋል። የተከለከለው ሰውን ከአፍሪካ ገዝቶ በመርከብ መውሰድ ነበር እንጂ፣ አስቀድሞ በቅኝ ግዛት ያለውን ባሪያ መያዝ፣ መሸጥ ወይም ለልጅ ማውረስ አልነበረም። ከባሪያይቱም የሚወለደው ልጅ የእናቱን ዕጣ ይወርስ ነበር። ጆን ግላድስቶን ባለ ብዙ ባሪያ የሆነውም በአብዛኛው ከዚህ ሕግ በኋላ ነው። ስለዚህ ሥራው ሁሉ በአገሩ ሕግ ዘንድ ወንጀል አልነበረም። የታሪኩ አስቸጋሪ ነገርም ይኸው ነው፤ የምንናገረው ስለ ሽፍታ ሳይሆን ሕግ አክባሪ፣ ቤተ ክርስቲያን አሠሪ፣ በ1818 ለፓርላማ ስለ ተመረጠ ሰው ነውና።

እርሻዎቹ በብዛት የሚገኙት ደመራራ በተባለው አገር ነው። ደመራራ በደቡብ አሜሪካ ሰሜናዊ ጠረፍ ያለ፣ ዛሬ ጉያና በሚባለው ነጻ መንግሥት ውስጥ የሚገኝ ክፍል ነው። ደሴት ባይሆንም፣ በሥራውና በአስተዳደሩ ከካሪብ ባሕር የእንግሊዝ ቅኝ ግዛቶች ጋራ አብሮ ይቈጠር ነበር። አስቀድሞ ያቀናው የሆላንድ ሰው ሲሆን፣ በኋላ እንግሊዞች በጦርነት ያዙት፤ በ1814ም በውል ጸናላቸው።

ሀብቱ በእጁ የገባበት መንገድ ለነጋዴ የታወቀ መንገድ ነው። የስኳርና የቡና ገበሬዎች ሁልጊዜ ብድር ፈላጊዎች ነበሩ። የሊቨርፑል ነጋዴ ያበድራል፤ ተበዳሪው እርሻውንና ባሮቹን በመያዣ ይሰጣል፤ ዕዳው ሳይከፈል ሲቀር መያዣው ለአበዳሪው ይገባል። ግላድስቶን በደመራራ ምሥራቃዊ ጠረፍ የሚገኘውን «ሳክሰስ» የተባለ እርሻ በ1812 ግማሹን፣ በ1816 ቀሪውን ያዘ። የስሙ ትርጓሜ በእኛ ቋንቋ «መሳካት» ወይም «መከናወን» ማለት ነው። እርሻው አስቀድሞ ቡና ይለማበት ነበር። አዲሱ ባለቤት ግን ወደ ስኳር እንዲለወጥ አዘዘ፤ የባሮቹንም ቍጥር ወደ እጥፍ አሳድጎ ከ3 መቶ በላይ አደረሰው። በ1826 ደግሞ «ፍሬደንሆፕ» የተባለውን ሰፊ እርሻ ገዝቶ ጨመረበት።

አንድ ማንኪያ ስኳር እንዴት ይሠራ ነበር?

«ከቡና ወደ ስኳር» የሚለው ቃል በደብዳቤ ላይ ሲጻፍ ሦስት ቃል ነው። በሰው ጀርባ ላይ ሲወርድ ግን ምን ማለት እንደ ሆነ ጥቂት ማብራራት ያስፈልጋል።

የደመራራ ጠረፍ ባሕሩ በሚሞላበት ሰዓት ከባሕሩ ወለል በታች የሚሆን ረግረጋማ ምድር ነው። ስለዚህ ከፊት ባሕሩን፣ ከኋላም የረግረጉን ውሃ የሚገታ ግድብ መሥራት፣ በመካከሉም ቦይ መቈፈር ግዴታ ነበር። ያን ጭቃ በአካፋ እየዛቀ ግድቡን ያቆመው፣ ጐርፍ ባፈረሰውም ጊዜ ሁሉ የጠገነው ባሪያው ነው።

ሸንኮራ አገዳው ከደረሰ በኋላ ደግሞ የሚጠብቅ አይደለም። ከተቈረጠ በኋላ ሳይውል ሳያድር ካልተጨመቀ ጭማቂው ይበላሻል። በዚህ ምክንያት በመከር ወራት ወፍጮው ሌሊትም አይቆምም። ቀን አገዳ ሲቈርጥ የዋለው ሰው ሌሊት ተራው ሲደርስ አገዳውን በሁለት ከባድ የብረት መዳመጫዎች መካከል ያስገባል። እንቅልፍ ያሸነፈው ሰው ጣቱን፣ አልፎም ክንዱን የሚያጣበት ጊዜ ነበር። ጭማቂው በተርታ በተጣዱ ትልልቅ ጋኖች እየተንተከተከ ከአንዱ ወደ አንዱ ይገለበጣል፤ የፈላው ስኳር በሥጋ ላይ ሲፈስ እንደ ቀለጠ ሙጫ ስለሚጣበቅ ቍስሉ የከፋ ነው። ስኳሩ ከረጋ በኋላ በበርሜል ይታሸጋል፤ ከዚያም ወደ መርከብ ይጫናል።

ስለዚህ አንድ እርሻ ከቡና ወደ ስኳር ተለወጠ ማለት፣ ሥራው በረታ፣ ሌሊቱ አጠረ፣ በሽታና ሞት በዛ ማለት ነበር። በሊቨርፑል መዝገብ ላይ ግን የሚታየው የበርሜሉ ቍጥር መጨመሩ ብቻ ነው።

ባለቤቱና ምስለኔው

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ እንምጣ። አንድ ሰው ውቅያኖስ ተሻግሮ ሳያይ፣ በሺህ የሚቈጠሩ ሰዎችን እንዴት ሊገዛ ቻለ?

መልሱ በደረጃ በተደራጀ የትእዛዝ ሰንሰለት ነው። በላይ ባለቤቱ በሊቨርፑል ተቀምጧል። ከእርሱ ቀጥሎ በቅኝ ግዛቱ የሚኖር ዋና ወኪል አለ። ይህን ሰው በአገራችን የድሮ አነጋገር ምስለኔ ልንለው እንችላለን፤ በባለቤቱ ፈንታ፣ እንደ ባለቤቱ ሆኖ የሚያዝ ነውና። የግላድስቶን ወኪል ፍሬድሪክ ኮርት ይባል ነበር። ከወኪሉ በታች ለየእርሻው የተሾመ ሥራ አስኪያጅ፣ ከሥራ አስኪያጁ በታች ነጮች ተቈጣጣሪዎች፣ ከእነርሱም በታች ከባሮቹ መካከል ተመርጦ ጅራፍ የሚይዝ አለቃ ይገኛል። ትእዛዝ ከላይ ወደ ታች ይወርዳል፤ ስኳር ከታች ወደ ላይ ይወጣል። የባሮቹ ጩኸት ግን ወደ ላይ የሚወጣበት መሰላል አልነበረውም።

ደብዳቤ በመርከብ ከደመራራ ተነሥቶ ሊቨርፑል ለመድረስ ነፋሱ ቢመች እንኳ ብዙ ሳምንታት ይፈጅበታል። በዚያም ደብዳቤ ውስጥ የሚጻፈው፣ ይህን ያህል በርሜል ተጫነ፣ ይህን ያህል ጨርቅና የደረቀ ዓሣ ይላክልን፣ ይህን ያህል ባሪያ ታመመ የሚል ነው። ከ1817 ጀምሮ ባሮች በመንግሥት መዝገብ እንዲጻፉ ስለ ታዘዘ፣ ስማቸው፣ ዕድሜያቸውና የሥራቸው ዐይነት በየሦስት ዓመቱ ይመዘገብ ነበር። ይህ መዝገብ በራሱ መልካም አሳብ ነበረ፤ በስውር አዲስ ባሪያ እንዳይገባ ለመቈጣጠር የተደረገ ነውና። ሆኖም መዝገቡ የሰውየውን ዕድሜ ይናገራል እንጂ የጀርባውን ሰንበር አይናገርም።

ከዚህም ሌላ የወኪሎች ጥቅም ከምርቱ ጋራ የተያያዘ ነበር። በካሪብ አገሮች ብዙ ወኪሎች የሚከፈላቸው ከተላከው ምርት በመቶ እየታሰበ ነበር። ስለዚህ ወኪሉ ዘንድሮ ብዙ ስኳር ቢልክ ዘንድሮ ይጠቀማል፤ በሥራ ብዛት የደከመው ባሪያ ከሦስት ዓመት በኋላ ቢሞት ጉዳቱ የባለቤቱ ነው። ባለቤቱ በበኩሉ ሸክሙን ለወኪሉ ትቶአል፤ ወኪሉ ደግሞ የባለቤቱን ትእዛዝ ብቻ እንደሚፈጽም ይናገራል። በመካከላቸው ኀላፊነት እንደ ኳስ ሲንከባለል ማንም ሳይዘው ይቀራል። አባቶቻችን «በሰው ቍስል እንጨት ስደድበት» ያሉት ለእንዲህ ያለው ነገር ነው።

ጆን ግላድስቶን ግን በእያንዳንዱ እርምጃ ይጠቀም ነበር። ስኳሩን የሚያበቅለው እርሻ የእርሱ ነው፤ የሚያጓጉዙት መርከቦች የእርሱ ናቸው፤ በሊቨርፑል ተቀብሎ የሚሸጠው የንግድ ቤት የእርሱ ነው። ከሊቨርፑል ወጣ ብሎ በሲፎርዝ ታላቅ ቤት ሠራ፤ በ1829ም በስኮትላንድ ፋስክ የተባለውን ርስት ገዛ። ልጁ ዊሊያም በኢተን ትምህርት ቤትና በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ የተማረው በዚህ አባት ገንዘብ ነው።

ኳሚናና ጃክ

በሳክሰስ እርሻ ላይ ኳሚና የሚባል የአናጢዎች አለቃ ነበር። በአፍሪካ ተወልዶ በልጅነቱ ከእናቱ ጋራ ለባርነት የተሸጠ፣ በዕድሜው የገፋና የተከበረ ሰው ነው። ልጁ ጃክ በርሜል ሠሪ ነበር። የልጁ ሙሉ ስም ጃክ ግላድስቶን ይባላል። አንባቢ ሆይ፣ በዚህ ስም ላይ ጥቂት ቆም በል። ባሮች የጌታቸውን ስም ይወስዱ ስለ ነበር፣ ይህ ወጣት የተጠራው ፊቱን አይቶት በማያውቅ፣ እርሱንም አይቶት በማያውቅ ሰው ስም ነው።

ከሳክሰስ አጠገብ ለ ሩዙቭኒር በተባለው እርሻ አንድ ትንሽ የጸሎት ቤት ነበረች። ከለንደን የተላከ ጆን ስሚዝ የሚባል የወንጌል ሰባኪ ከ1817 ጀምሮ በዚያ ያስተምር ነበር። የቅኝ ግዛቱ አገረ ገዥ ጆን መሪ ሰባኪው እንደ ደረሰ፣ አንድ ባሪያ እንኳ ማንበብ ቢያስተምር ከአገር እንደሚያስወጣው አስጠነቀቀው። ስሚዝ ግን ማስተማሩን አልተወም፤ ከአካባቢው እርሻዎች የሚሰማውን የጅራፍ ድምፅም በማስታወሻው ይመዘግብ ነበር። ኳሚና የዚህች ጸሎት ቤት ዲያቆን ነበረ። በ1822 ሚስቱ ፔጊ በጠና ታመመች። ባልዋ እንዲያስታምማት ፈቃድ አልተሰጠውም፤ በየቀኑ ወደ ሥራ እንዲወጣ ተደረገ፤ አንድ ማታ ከሥራ ሲመለስም ሞታ አገኛት። ይህን የከለከለው በሊቨርፑል ያለው ባለቤት አልነበረም ሊባል ይችላል፤ ባለቤቱ ፔጊ የምትባል ሴት መኖርዋንም አያውቅ ይሆናል። የርቀት ክፋቱም በዚሁ ይታወቃል።

በ1823 የእንግሊዝ ፓርላማ የባሮች ኑሮ እንዲሻሻል የሚል ውሳኔ አሳለፈ። ሴቶች እንዳይገረፉ፣ በእርሻም ላይ ጅራፍ እንዳይያዝ የሚመክር ደብዳቤ ለየቅኝ ግዛቱ ተላከ። ደብዳቤው ደመራራ ሲደርስ አገረ ገዥው ለሕዝብ ሳይገልጸው አዘገየ። ነገር ግን ጌቶች በማዕድ ላይ የሚያወሩትን አሽከሮች ይሰማሉ። ከለንደን አዲስ ሕግ መጥቷል፣ ንጉሡ ነጻነት ሰጥተዋል፣ ጌቶች ግን ደብቀውታል የሚል ወሬ ከእርሻ ወደ እርሻ ተዛመተ። የተላከው ነጻነት አልነበረም፤ ይሁን እንጂ አንድ ነገር መደበቁ እውነት ነበር።

በኦገስት 18 ቀን 1823 ዐመፁ ከሳክሰስ እርሻ ተነሣ። ከዋናዎቹ መሪዎች አንዱ ጃክ ነበር። አባቱ ኳሚና ደም እንዳይፈስ፣ ሥራ በማቆም ብቻ እንዲለምኑ መክሮ ነበር። በጥቂት ቀን ውስጥ ወደ 10 ሺህ የሚገመቱ ባሮች ተነሡ። ጌቶችንና ተቈጣጣሪዎችን ይዘው በየቤታቸው ዘጉባቸው፤ አንዳንዶቹንም ባሮች ሲታሰሩበት በነበረው እግረ ግንድ አሰሩአቸው። በዚህ ሁሉ ሕዝብ መነሣት የሞቱት ነጮች ሁለት ወይም ሦስት ብቻ መሆናቸው የሚያስገርም ትዕግሥት ነው። በኦገስት 20 ቀን ግን «ባችለርስ አድቬንቸር» በተባለው እርሻ አጠገብ ወደ 2 ሺህ ያህል ሆነው ከወታደሮች ጋራ ተገናኙ። መብታቸውን ጠየቁ፤ እንዲበተኑ ታዘዙ፤ አልተበተኑም። ወታደሩ ተኰሰ። በዐመፁ ከመቶ በላይ ባሮች አለቁ።

ከዚያ በኋላ ፍርድ ቤት ተቋቋመ፤ ብዙዎች ተሰቀሉ፤ የአንዳንዶቹም ራስ ተቈርጦ ለመቀጣጫ በመንገድ ዳር ቆመ። ኳሚና ጫካ ገብቶ ሳለ በሴፕቴምበር 16 ቀን በጥይት ተመትቶ ሞተ፤ ሬሳውም በሰንሰለት ታስሮ በሳክሰስ እርሻ ፊት ለፊት፣ በመንገዱ ዳር ተንጠለጠለ። ሰባኪው ስሚዝ ባሮችን አነሣሥቶአል ተብሎ ሞት ተፈረደበት፤ የንጉሡ ምሕረት ሳይደርስለት በፌብሩዋሪ 1824 በእስር ቤት በሕመም ሞተ። የስሚዝ ሞት በእንግሊዝ አገር ታላቅ ቍጣ አስነሣ፤ ባርነትን ለማስቀረት ይታገሉ ለነበሩትም ጕልበት ሆናቸው። ጃክ ግን ከስቅላት ዳነ። ጌታው ጆን ግላድስቶን ምሕረት እንዲደረግለት በደብዳቤ ስለ ለመነ፣ ወደ ሴንት ሉሽያ ደሴት ተሽጦ ተጋዘ። ከዚህ እንደምንረዳው ጆን ግላድስቶን ርኅራኄ ፈጽሞ ያልፈጠረበት ሰው አልነበረም። ስሙን ላወቀው ሰው ሊራራ ይችል ነበር። ስማቸው በሒሳብ ውስጥ የቀረው ሌሎቹ ግን ብዙ ነበሩ።

መግለጫና እውነት

በዚያው ዓመት መጨረሻ ግላድስቶን በሊቨርፑል ጋዜጦች ላይ ጄምስ ክሮፐር ከተባለ ነጋዴ ጋራ ብርቱ ክርክር ገጠመ። ክሮፐር ባርነት በሃይማኖትም በንግድም ዘንድ ጐጂ ነው ይል ነበር፤ እርሱ ራሱ ከምሥራቅ ህንድ በሚመጣ ሸቀጥ ይነግድ ስለ ነበር ግላድስቶን ይህንኑ እያነሣ ነቀፈው። ስለ ራሱ እርሻዎች ሲናገርም ባሮቹ በመልካም አያያዝ እንዳሉ መሰከረ። ይህን የሚናገረው ግን ከራሱ ዐይን አግኝቶ አልነበረም። ምስክሮቹ ወኪሎቹ የላኩለት መግለጫዎች ነበሩ።

በ1828 ልጁ ሮበርትሰን እርሻዎቹን እንዲጐበኝ ተላከ። ከጕብኝቱም በኋላ ያ ለብዙ ዓመታት የታመነው ወኪል ኮርት ሥራውን የበደለ ሰው ሆኖ ስለ ተገኘ ተሰናበተ። እንግዲህ አንባቢ ይፍረድ፤ በጋዜጣ ላይ ለዓለም የቀረበው ምስክርነት የተመሠረተው በዚህ ሰው ቃል ላይ ነበር። የሆነ ሆኖ ከዚያ የመጣው ለውጥ የወኪል መለወጥ እንጂ የባሮቹ ነጻ መውጣት አልነበረም።

በሜይ 1833 ሎርድ ሃዊክ የተባለ የፓርላማ አባል፣ በፍሬደንሆፕ እርሻ ላይ የስኳሩ ምርት ሲጨምር የባሮቹ ቍጥር በሞት መቀነሱን በይፋ ተናገረ። በጁን 3 ቀን የ23 ዓመት ወጣትና አዲስ እንደራሴ የነበረው ዊሊያም ግላድስቶን ተነሥቶ የአባቱን እርሻ አስተዳደር ተከላከለ። ባርነት በዝግታ እንዲቀርና ለባለቤቶች ካሣ እንዲሰጥም ጠየቀ። ይህ በፓርላማ ካደረጋቸው ንግግሮች የመጀመሪያው ትልቅ ንግግር ነው። ዓመታት ካለፉ በኋላ፣ በ1850፣ የባሪያ ንግድ በሰው ልጅ ታሪክ ውስጥ ከተፈጸሙት ወንጀሎች ሁሉ የከፋ መሆኑን በዚያው ፓርላማ ተናግሯል። ሁለቱ ንግግሮች የአንድ ሰው ናቸው።

ካሣው ለማን ተከፈለ?

ባርነትን የሚሽረው ሕግ በ1833 ወጥቶ ከኦገስት 1 ቀን 1834 ጀምሮ ሥራ ላይ ዋለ። በዚህ ሕግ ወደ 800 ሺህ የሚሆኑ ሰዎች ከባርነት ወጡ ተባለ። ይሁን እንጂ ወዲያው ነጻ አልወጡም፤ «ለማጅ» የሚል ስም ተሰጥቶአቸው፣ ለቀድሞ ጌቶቻቸው ያለ ደመወዝ በሳምንት እስከ 45 ሰዓት መሥራት ግዴታቸው ሆነ። ይህ ሥርዓት የቀረው በ1838 ነው።

መንግሥት ደግሞ 20 ሚሊዮን ፓውንድ ካሣ መደበ። ይህ ገንዘብ በዚያን ጊዜ ከመንግሥቱ የዓመት ወጪ 40 በመቶ ያህል ነበር። ካሣው የተከፈለው ለተገረፈው ሳይሆን ለገራፊው፣ ለተሸጠው ሳይሆን ለገዛው ነው። ጆን ግላድስቶን በ2,508 ሰዎች ምክንያት 106,769 ፓውንድ ተቀበለ። ገንዘቡ በሰዎቹ ቍጥር ሲካፈል ለአንድ ሰው ወደ 42 ፓውንድ ተኩል ይደርሳል። ለኳሚና ወገኖች፣ ለፔጊ ዘመዶች፣ ለጃክ የተከፈለ አንዲት ሳንቲም የለም። መንግሥት ለዚሁ ካሣ የተበደረው ዕዳ ተጠቃሎ የተከፈለው በ2015 መሆኑ ሲታወቅ፣ ብዙ የእንግሊዝ ግብር ከፋዮች ተደንቀዋል። ከእነዚህም ግብር ከፋዮች መካከል የእነዚያ ባሮች የልጅ ልጆች ይገኙበት ነበር።

ግላድስቶን ካሣውን ከመቀበሉ ጋራ ስለ ነገ ያስብ ነበር። ባሮቹ ነጻ ሲወጡ በርካሽ የሚሠራ ሰው ከየት ይገኛል? በጃንዋሪ 1836 በካልካታ ከተማ ላለ የንግድ ቤት ደብዳቤ ጽፎ፣ ለእርሻዎቹ በውል የሚሠሩ ሕንዶች እንዲላኩለት ጠየቀ። የመጣለትም መልስ ሠራተኞቹ የሚሄዱበትን አገርም ሆነ የጕዞውን ርዝመት ጨርሶ የማያውቁ መሆናቸውን የሚገልጽ ነበር። ባለቤቱ እርሻውን አያውቅም፤ አሁን ደግሞ ሠራተኛው የሚሄድበትን አያውቅም። «ዊትቢ»ና «ሄስፔረስ» የተባሉት መርከቦች በሜይ 5 ቀን 1838 ደመራራ ሲደርሱ 396 ሕንዶችን አወረዱ። በ1839 የፀረ ባርነት ማኅበር ሰዎች ወደ ስፍራው ሄደው በመረመሩ ጊዜ፣ ከእነዚህ ሰዎች መካከል የተገረፉና የተበደሉ እንደ ነበሩ አጋለጡ። ይህ የውል ሠራተኞች ጕዞ እስከ 1917 ድረስ ቀጥሎ፣ ወደዚያ አገር የገቡት ሕንዶች ከ230 ሺህ በላይ ሆኑ። ዛሬ በጉያና የአፍሪካና የህንድ ተወላጆች ጐን ለጐን የሚኖሩበት ምክንያት ከዚህ ታሪክ ይመነጫል።

የዘገየ ይቅርታ

ጆን ግላድስቶን በ1846 የባሮኔት ማዕርግ ተሰጥቶት በ1851 ሞተ። ደመራራን አንድ ቀን አላያትም። ቤተ ሰቡ ወደዚያ አገር በይፋ ሄዶ ስለ ጥንቱ በደል የተናገረው ከመቶ ሰባ ዓመት በኋላ፣ ኦገስት 2023 ላይ ነው። ዐመፁ ከተነሣ 200 ዓመት በሞላበት ወር፣ ከትውልዱ የሆኑ ሰዎች በጉያና ዩኒቨርሲቲ ቀርበው ይቅርታ ጠየቁ፤ ስለ ባርነትና ስለ ስደት ለሚደረግ ጥናትም 100,000 ፓውንድ ለመስጠት ቃል ገቡ። ይህን በመልካም የተቀበለ ሰው አለ፤ ቃል ብቻውን አይበቃም፣ ካሣው ሊሰፋ ይገባል ብሎ የተቃወመም አለ። የአገሪቱ ፕሬዚዳንትም በባርነት የተጠቀሙ ሁሉ ተወላጆች ካሣ እንዲከፍሉ አሳስበዋል። ክርክሩ ገና አላለቀም፤ በቶሎም የሚያልቅ አይመስልም።

የተከበራችሁ አንባቢዎች፣ ይህን ታሪክ ያነሣነው እንግሊዞችን ለመውቀስ ብቻ አይደለም። ወቀሳውን ከራሳቸው አገር ሊቃውንት በላይ አጥብቆ ያቀረበ የለም፤ በለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ያሉ ተመራማሪዎች ከካሣው መዝገብ ላይ የባለ ባሮችን ስም እያወጡ ከ2013 ጀምሮ ለሕዝብ ገልጸዋልና። እኛ ልንማርበት የሚገባን ሌላም ነገር አለ። በደል ሁሉ ጅራፍ በያዘ እጅ ብቻ አይፈጸምም። በንጹሕ ጠረጴዛ ላይ፣ በንጹሕ ወረቀት፣ በጨዋ ሰው ብዕርም ሊፈጸም ይችላል። በመሥሪያ ቤት ተቀምጦ ስለ ሩቅ አውራጃ፣ ስለማያውቀው ሰው መሬት፣ ስለማያየው ሕፃን እንጀራ የሚወስን ሰው ሁሉ የሚደርሰው መግለጫ ነው። መግለጫው መልካም ሲሆን መደሰት ተገቢ ነው፤ መግለጫውን የጻፈው ማን እንደ ሆነ፣ በምን እንደሚጠቀም፣ የተጻፈለትስ ሰው ራሱ ተጠይቆ እንደ ሆነ መመርመር ግን ከደስታው ይቀድማል። ጆን ግላድስቶን ይህን ለመጠየቅ ዕውቀትም፣ ገንዘብም፣ መርከብም አላነሰውም ነበር።

የጉያና ሰዎች አገራቸው በ1966 ነጻ ከወጣች በኋላ በዋና ከተማቸው በጆርጅታውን አንድ ነገር አድርገዋል። በአገረ ገዥው በመሪ ስም ይጠራ የነበረውን ጐዳና ስሙን ለውጠው የኳሚና ጐዳና አሉት። ሬሳው በመንገድ ዳር ተሰቅሎ የነበረው የሳክሰስ አናጢ ዛሬ መንገድ በስሙ ይጠራለታል።